የተከላካይዋ ማተብ

ዳኛው ልጄን በዕድሜ ቢበልጣት ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት አይዘልም። ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ተጫዋቾቹን አሰልፎ ታኬታቸውን፣ ጆሯቸውንና ጣታቸውን ሲፈትሽ ቆየና እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ አንገቷ ጠቁሞ፣ "ይሄ ኮላኒና ይውለቅ" አላት። ኮላኒና ጣልያኖች ትንሽ የአንገት ሐብል የሚጠሩበት ስም ነው። እኔ ከሽቦ አጥሩ ውጪ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ደሜ ፈላ። ልጄ አንገት ላይ ያለው ሐብል አይደለም፤ ማተብ ነው።

እዚያ የደረስኩት ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቼ ነው። ነጠላዬን ከጃኬቴ ስር ጠቅልዬ፣ በሮም ሜትሮ እስከ አናኚና፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ የቀረውን በሩጫ። ሳልሰናበት መውጣቴ መንገዱን ሁሉ ሲከነክነኝ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ገና እንደደረስኩ ልጁ የማተብ ነገር ሲያነሳብኝ ከላይ የተላከ ቁጣ መሰለኝ። እውነቱን ብናገር፣ ፈራሁ።

የፈራሁበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከሜዳው ማዶ፣ ቡና ቤቷ አጠገብ ባሉት የብረት መቀመጫዎች ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ሰሜን ጣልያን ያለ የአንድ ትልቅ ክለብ መልማዮች ናቸው። ክለቡ ታዳጊ ሴቶችን መርጦ፣ ማደሪያ ሰጥቶ፣ ትምህርት ቤት አስገብቶ ያሳድጋል። ለመጪው ዓመት የቀረችው የአንዲት የመሐል ተከላካይ ቦታ ብቻ ነበረች፤ ሰዎቹ ልጄን ሊያዩ የመጡት ለዚያች ቦታ ነው። ሌላ ከተማም የወደዷት ልጅ ስላለች ሁለተኛ እንደማይመለሱ ነግረውናል። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ኳስ የጀመረችው ሰላም ፓላስ የሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ስንኖር በግቢው፣ በቆሙ መኪኖች መሃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከኳስ ሌላ ነገር ስትመኝ አይቻት አላውቅም።

ሰዎቹን ለምኖ ያመጣቸው አሰልጣኟ ነው። መለመን የማይሆንለት ሰው ነው፣ ስልኩን ዘግቶ ሲጨርስ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። እንግሊዛዊ ነው፤ ሚስቱ ግን የሮም ልጅ ናት። ጣልያን አገር አሰልጣኝ ሁሉ "ሚስተር" ይባላል። እሱ ግን መጀመሪያ ሰሞን እንግሊዛዊ በመሆኑ አክብረው የሚጠሩት መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር አሉ። እውነቱ ሲነገረው ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ራሱ ነው።

ያሳደገው ክለብ በአሥራ ስድስት ዓመቱ "አትሆነንም" ብሎ አሰናብቶታል። ከዚያ በኋላ በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች፣ ስማቸውን እስከዛሬ መጥራት በማልችላቸው ዝናባም ከተሞች እየዞረ፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የመሐል ተከላካይ ሆኖ ኖረ። አንዱ ክለቡ ለአንድ ዓመት ወደ ትልቁ ሊግ ወጥቶ ወዲያው ወርዷል፤ "እዚያ የሄድኩት ለጉብኝት ነበር" ይላል። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፣ የፊት ጥርሱ የተተከለ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እንዳልተቀባ በር ሲጢጥ ይላል። ልጆቹ አንድ ቀን "ታዋቂ ነበርክ ወይ?" ብለው ቢጠይቁት፣ "እናቴ በደንብ ታውቀኝ ነበር" አላቸው።

ይህን ሁሉ የማውቀው አስተርጓሚው ስለሆንኩ ነው። የሱ ጣልያንኛ ምግብ ከማዘዝ አያልፍም። በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ሚስቱ ሳትመጣ ቀርታ እሱ ብቻውን ሲንተባተብ ሳይ አንጀቴ አልቻለምና እጄን አወጣሁ። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፊዚክሱ ጠፍቶ እንግሊዝኛው ተርፎኛል። አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደርኩ ነው የምሠራው፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነፃ ነኝ፣ ልምምዱ ሐሙስ፣ ግጥሚያው እሁድ። አሎራ፣ እንግዲህ ሥራው የኔ ሆነ። ሰውየው ግን አፉ እንደ እግሩ ነው፤ ያገኘውን ይመታል። "ይቺን ልጅ እንደ ሰካራም ነው የምትሮጪው በያት" ይለኛል። እኔ ይሉኝታ ይይዘኝና፣ "ትንሽ ብትረጋጊ ጥሩ ነው ይላል" እላለሁ። የሰው ልጅ እንዴት ፊት ለፊት ይሰደባል? ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰማው ልጄ ከኋላ ሆና ትንፈቀፈቃለች።

የሷን ማተብ እሱ ያውቀዋል። ሁልጊዜ እሁድ ከጨዋታ በፊት ራሱ ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ከአንገቷ ጋር ይለጥፍላታል። በሱ ጊዜ የጋብቻ ቀለበታቸውን እንደዚያ ሸፍነው ይጫወቱ ነበርና ምንም አልመሰለውም። የሰፈር ዳኞችም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ይሄኛው ግን ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጥ አድርጎ አየው።

"ሬጎላሜንቶው አይፈቅድም" አለ፤ ደንቡን ማለቱ ነው። "በፕላስተር መሸፈንም አይፈቀድም።"

በትንሿ በር ገባሁ። አሰልጣኙ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፣ ፊቱም ቀልቷል።

"ይሄን ጡት ያልጣለ ሕፃን፣" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ "ሬጎላሜንቶውን ጠቅልሎ የት እንደሚከተው ንገሪልኝ።"

"ሚስተሩ፣" አልኩ በጣልያንኛ፣ "ሥራዎን በጥንቃቄ መሥራትዎን ያደንቃል፤ ግን አንድ ጊዜ ቢያስቡበት ይላል።"

"ማማ!" ብላ ጮኸች ልጄ። "እሱ እንደዚያ አላለም!"

ዳኛው ሁለታችንንም አፈራርቆ አየን። እኔም ቀጠልኩ። ይሄ ጌጥ እንዳልሆነ፣ ልጅቱ ክርስትና ስትነሳ ያሰረችው የእምነቷ ምልክት እንደሆነ፣ እኛ ዘንድ "ማተቡን የበጠሰ" ከተባለ ሰው የሚከፋ እንደሌለ ነገርኩት። ልጁ ሰደበኝ አልልም፤ እስከመጨረሻው ሰማኝ።

"ሲኞራ፣ እኔም ክርስትና ተነስቻለሁ" አለኝ። "ግን አንገቴ ላይ ምንም የለም። አንዷ ክሩን ብትይዝባትና ብትታነቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ካወለቀችው ትግባ፤ ካላወለቀችው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጥ።"

ልጁ ልክ ነው። ልክ በመሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ሰዓቱን አየና ወደ መሃል ሜዳ ሄደ።

ከቡድኑ የሕክምና ቦርሳ ውስጥ አንዷ ወላጅ መቀስ አውጥታ ሰጠችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም፤ ተራ ክር ናት ብላ ነው። መቀሱን ይዤ ቆምኩ። ልጄ ከኔ ጋር በአማርኛ ማውራት ትታ በጣልያንኛ መመለስ ከጀመረች ቆይታለች። የጾሙን ቀን እኔ ነኝ የማስታውሳት፣ ቤተ ክርስቲያንም የምትመጣው ስጎትታት ነው። ያቺ ክር ከኔ ወገን የቀረችላት የመጨረሻ ነገር መስላ ትታየኝ ነበር። በሌላ በኩል ከሜዳው ማዶ ያ ሁሉ ዕድል ቡናውን እየጠጣ ተቀምጧል። እናት ሆኜ የቱን ልንፈጋት? ለራሴ "ቁረጪው" እላለሁ፣ እጄ አይታዘዝልኝም። "አልቆርጥም፣ ትቅር" ልል እልና ፊቷን አያለሁ።

አሰልጣኙ መቀሱን ከእጄ ወሰደው።

"አባቴ የተቀበረ ቀን ተጫውቻለሁ" አለኝ። ሁልጊዜ የሚጮኸው ሰው በዝግታ ነበር የሚያወራው። "ትልቅ ጨዋታ ነው አሉኝ። ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አንገቱ የሷ ነው፤ ጠይቂያት።"

እኔ ስለ ማተብ ልጅ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም። እናቴም አልጠየቀችኝም። ይታሰራል፣ አለቀ። ግን ሰውየው ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም።

"ምን ላድርግ?" አልኳት ልጄን።

"ፍቺው" አለች። "ግን እንዳትቆርጪው። ማማ፣ ፕሬስቶ፣ ቶሎ በይ! ፍቺው!"

መፍታት! ይሄ ለኔ አልታየኝም ነበር። ያልታየኝም ያለ ምክንያት አይደለም። ክሩን ያሰሩላት የክርስትና እናቷ ናቸው፤ ሮም ብዙ ዓመት ሠርተው ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲገቡ አዲስ ክር ገምደው፣ የድሮውን ቀይረው፣ ሲሰናበቷት አሰሩላት። ልጆች እንዳይጎትቱባት ብለው አሳጥረው፣ አንገቷ ስር ልክክ አድርገው ነው ያሰሩት። በራስ በኩል አይወጣም። ቋጠሮውን ደግሞ በምራቃቸው አርሰው፣ ደራርበው፣ በጥርሳቸው ስበው አጠበቁት። "ይሄን ሰይጣንም አይፈታው" ብለው ስቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለት ዓመት ላብና ሻምፖ ጠጥቶ ጠጠር ሆኗል።

ፊሽካው ተነፋ። ጨዋታው ያለሷ ተጀመረ።

ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ ተንበረከክሁ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ ጥፍሬ ተሰበረ። የጸጉር ሽቦዬን አውጥቼ ወጋሁት፣ ሽቦው ተጣመመ። አንዷ ልጅ ወደ ቡና ቤቷ ሮጣ የወይራ ዘይት በፕላስቲክ ኩባያ አመጣችልኝ፤ ቀባሁት፣ ጭራሽ አሙለጨለጨኝ። በመጨረሻ በጥርሴ ያዝኩት። ልጇን አንገት ስር የምትነክስ ሴት አይተው የማያውቁ ወላጆች ጨዋታውን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ። ይዩ! አፌ ውስጥ ዘይትና የልጄ የላብ ጨው ነበር።

አሰልጣኙ ኳስ ውጪ በወጣ ቁጥር ጉልበቱን እየጎተተ ይመጣል፣ አንገቷ ላይ ጎንበስ ይላል፣ "እንዴት ነው?" ይላል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እሱም ሊሞክር ጣቱን ሰደደ፤ ጣቶቹ ግን እንደ ሙዝ ናቸው። ተሳድቦ ተመለሰ። ያን ስድብ ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

ከዚያ የማዕዘን ምት ሆነ። የተቃራኒ ቡድን ረጅሟ አጥቂ ማንም ሳይነካት ዘልላ በቴስታ አገባችው። ልጄ ዘወትር የምትቆምበት ቦታ ላይ ነው የዘለለችው። ልጄ ይህን ስታይ ከእጄ ስር አንድ ጊዜ ብድግ አለች፤ ክሩ ሳባትና መልሳ ተቀመጠች። ጆሮዋ ሲቀላ አየሁት።

ለእረፍት ሲወጡ ሴትየዋ መልማይ ተነስታ እግሯን አፍታታች። አሰልጣኙ በሜዳው ዙሪያ ሄዶ አነጋገራቸው፤ ሴትየዋ እንግሊዝኛ ትችላለች። በእጁ ወደኛ ሲያመለክት፣ ሴትየዋ በትህትና ራሷን ስትነቀንቅ፣ ሰውየው ሰዓቱን ሲያይ አየሁ። ተመልሶ መጥቶ "ትንሽ ይጠብቃሉ" አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ልጄ "ምን አሉ?" አለችኝ። "ይጠብቃሉ" አልኳት። በዚያን ጊዜ መቀሱ አጠገቧ፣ አግዳሚው ላይ ነበር። አየችው። እኔም ስታየው አየሁ። አንስታ የሕክምና ቦርሳው ውስጥ ከተተችውና ዚፑን ዘጋች።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ገፋ። ቋጠሮው ዘይቱን ቀስ በቀስ እየጠጣ መሆኑ ይሰማኛል፤ አንዷ ዙር ትንሽ ተንቀሳቀሰች። በዚያው ቅጽበት በዓይኔ ጥግ ሁለት ሰዎች ሲመጡ አየሁ። መልማዮቹ ናቸው። ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወስደው መንገድ በተጠባባቂ ወንበሩ ጀርባ፣ እኛን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ሴትየዋ ጃኬቷን እየቆለፈች፣ ሰውየው በስልክ እያወራ፣ አጠገባችን ደርሰው አለፉ። ሴትየዋ ለኔ በትንሹ ፈገግ አለችልኝ። እንደዚያች ፈገግታ የጠላሁት ነገር የለም።

ልጄ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታያለች። አላየችም ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አሰልጣኙ ግን ከሜዳው ዳር ዞሮ አይቷቸዋል። እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ራሱን ወደ ግራና ቀኝ በትንሹ ነቀነቀ፤ አትንገሪያት ማለቱ ነው። መኪናው ሲነሳ ድምፁን ሰማሁት። እንባዬ ቋጠሮው ላይ እየተንጠባጠበ በጥርሴ መሳቤን ቀጠልኩ፤ ያቋረጥኩ እንደሆን ለምን እንዳቋረጥኩ ትጠይቀኛለች።

ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። የጠበቀው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ላላና እጄ ላይ ወደቀ። አንገቷ ላይ ክሩ የነበረበት ነጣ ያለ መስመር ታየ። ያንን ባዶ አንገት ሳይ ጨርቋን የገፈፍኳት መሰለኝና በነጠላዬ ልሸፍናት ቃጣኝ። እሷ ግን ብድግ ብላ ጸጉሯን እያሰረች፣ "ሚስተር! ዝግጁ ነኝ!" ብላ ጮኸች።

"ግቢ" አላት።

ዳኛው አንገቷን አይቶ በእጁ ጠራት። የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። ማተቡን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ወደ ላይ በዘለለች ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ በባዶ አንገቷ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? ግን ጨፍኜ መዝለቅ አልቻልኩም። ልጄን እንደዚያ ስትጫወት አይቻት አላውቅም። ያቺን ረጅም አጥቂ ኳስ ከመንካቷ በፊት ትቀማታለች። ባዶ ግብ ውስጥ ልትገባ የነበረች ኳስ ከመስመር ላይ ተወርውራ አወጣች። አንዱን ምት በፊቷ መልሳ ከአፍንጫዋ ደም ፈሰሳት፤ በማሊያዋ ጠርጋ ተነሳች፣ ጓደኞቿንም እየጮኸች ወደፊት ነዳቻቸው። መጨረሻ ላይ ለማዕዘን ምት እሷም ወጣች፣ ከሁሉም በላይ ዘለለችና በቴስታ ገጨችው፤ ኳሱ የግቡን አግዳሚ መትቶ ወጣ። እኔ በየመሃሉ ወደነዚያ የብረት መቀመጫዎች እዞራለሁ፤ ሁለት የቡና ኩባያዎች ብቻ ቀርተዋል። ይሄን የምታደርገው ሊያዩዋት ለማይችሉ ሰዎች ነው እያልኩ ከንፈሬን ነከስኩ።

ፊሽካው ተነፋ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን።

አሰልጣኙ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ እንደቆመ ነበር። "አየሽ?" አለኝ። "አየሁ" አልኩት። ሄዶ ኳሶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ልጄ ለተጋጣሚዎቿ እጇን ሰጥታ ስታበቃ ውኃም ሳትጠጣ ወደኔ መጣች። ዞራ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ጸጉሯን ወደ ላይ አነሳች። ሳልጠይቃት ነው። ነጠላዬን ፈትቼ ክሩን አወጣሁ፣ አንገቷ ላይ አዞርኩት። ሊነገራት ግድ ነው፤ ፊቷን ሳላይ ብነግራት ይሻለኛል ብዬ ጀመርኩ።

"የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ እኮ . . ."

"አውቃለሁ" አለች። "ሲያልፉ ጫማቸውን አይቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ አልነበር?"

እጄ ቆመ። "ገና ሳትገቢ ታውቂ ነበር?"

"ሲ።"

"ታዲያ እንደዚያ የሆንሽው ለማን ብለሽ ነው?"

ጸጉሯን በእጇ እንደያዘች ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምትል መሰለች።

"አንድ ለባዶ እየተመራን እኮ ነበር፣ ማማ።"

ክሩ ከጣቴ አመለጠኝ። ጫፉን ፈልጌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።